የግቢዬን ቢምቢ ከምንጩ ለማጥፋት ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ የግቢው አባወራ

ጤና ይስጥልኝ። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ቤታችንም ግቢያችንም በቢምቢ ተወርሯል። ማታ ማታ የመኝታ ክፍሎቹን ዘግቼ ፀረ-ነፍሳት ኬሚካል እረጫለሁ፤ ያን ሌሊት እፎይ ብለን እናድራለን፤ ነገር ግን ሁለት ሦስት ቀን ሳይቆይ እንደነበረው ይሆናል። ገና አራስ ልጅ ስላለን ኬሚካሉን ደጋግሞ መርጨቱ በጣም ያሳስበኛል። በግቢው ውስጥ የውሃ ታንከር፣ በቆርቆሮ የተከደነ በርሜል፣ የአበባ ማሰሮዎችና የእንስሳት ማጠጫ ገንዳ አሉ፤ ከአጥሩ ሥር ደግሞ ውሃ የሚያቁር ቦይ አለ። ከየትኛው ልጀምር? ነፍሳትን ስቦ የሚገድለው ሰማያዊ መብራትና በድምፅ ያባርራል የሚባለው መሣሪያስ ይጠቅማሉ?

መላሽ፦ የአካባቢ ጤና ባለሙያ

እንኳን ማርያም ማረችልን። የሚረጩት ኬሚካል የሚገድለው በዚያ ሰዓት በክፍሉ ውስጥ ያለውን ቢምቢ ብቻ ነው፤ ከውጭ በውሃ ውስጥ እያደገ ያለውን አይነካውም። ቢምቢ እንቁላል፣ እጭ፣ ፑፓና ክንፍ ያለው በራሪ ሆኖ በአራት ደረጃዎች ያድጋል፤ ከእነዚህ ውስጥ እጩና ፑፓው ያለ ውሃ አይኖሩም። አየሩ ሞቃት ሲሆን ከእንቁላል ተነሥቶ እስከሚበርበት ድረስ ያለው ጊዜ ከአንድ ሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ በግቢዎ ውስጥ ሳይነካ አንድ ሳምንት የሚቆይ ውሃ ካለ፣ ማታ የገደሉትን የሚተካ ሌላ ትውልድ እየተዘጋጀ ነው ማለት ነው።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ በመጀመሪያ የሚነክስበትን ሰዓት ያስተውሉ። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ፣ በቀን ብርሃን፣ ቁርጭምጭሚት አካባቢ የሚነክስና እግሮቹ ነጭ ቀለበት ያላቸው ከሆነ ኤደስ የሚባለው ዝርያ ነው፤ ዴንጊ፣ ቺኩንጉንያና ቢጫ ወባ የሚያስተላልፈው እሱ ነው። የሚራባው በዕቃ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው፤ ርቆ መብረርም ስለማይወድ አብዛኛውን ጊዜ ያደገው በእርስዎ ወይም በጎረቤትዎ ግቢ ነው። ሌሊት የሚነክሰውና ቡናማ የሆነው ኩሌክስ ግን የቆሸሸ ውሃን፣ ማለትም የፍሳሽ ቦይንና የሽንት ቤት ጉድጓድን ይመርጣል። ወባ አስተላላፊው አኖፌለስ የሚነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ሲሆን በጥቅሉ ንጹሕና የረጋ ውሃ ይወዳል፤ ከደቡብ እስያ የተስፋፋው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ደግሞ በከተማ ታንከርና በርሜል ውስጥ በደንብ ይራባል። ስለዚህ ውሃው ለመጠጥ የሚሆን ንጹሕ መሆኑ ብቻ ሊያዘናጋን አይገባም።

በተለይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ኤደስ እንቁላሉን የሚጥለው በውሃው ላይ ሳይሆን ከውሃው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ሊቆይና ውሃ ሲያገኘው ሊፈለፈል ስለሚችል፣ በርሜሉን መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ የውስጥ ግድግዳውን በብሩሽ ፈግፍጎ ማጠብ ያስፈልጋል።

መላሽ፦ የቧንቧ ሠራተኛ

በሥራዬ ምክንያት ብዙ ግቢ ስለማይ፣ ሰዎች የሚዘነጓቸውን ቦታዎች ልጠቁም። በበርሜል ላይ የተጣለ ቆርቆሮ ክዳን አይባልም፤ በጠርዙ ያለው ክፍተት ለቢምቢ ሰፊ በር ነው፤ ቆርቆሮው ራሱ ከጎበጠም በላዩ ውሃ ይቋጥራል። ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ ወንፊት ወይም ጨርቅ ወጥረው በጎማ ጥብቅ አድርገው ይሰሩት። ታንከሩ ክዳኑ ቢገጥምም ሲሞላ ትርፉ የሚወጣበት ቱቦ ክፍት ስለሆነ በአፉ ላይ ወንፊት ይታሰርበት፤ የሽንት ቤት ጉድጓዱ የአየር ማስወጫ ቱቦም እንደዚሁ፤ ይህን የሚያስታውስ ሰው በጣም ጥቂት ነው። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውሃ አለመያዙን በመሰላል ወጥተው ይዩ። በአበባ ማሰሮዎቹ ሥር ያለውን ሳህን በአሸዋ ቢሞሉት ተክሉ እርጥበቱን ያገኛል፣ ቢምቢ ግን መጣያ ያጣል። አሮጌ ጎማ ካለ ከግቢው ይውጣ።

ጠያቂ፦ የግቢው አባወራ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሚነክሰን በአብዛኛው በቀን፣ እግራችን ላይ ነው። ቆርቆሮውን አንሥቼ በባትሪ ባበራ፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ከውሃው ገጽ የተንጠለጠሉ ቀጫጭን ትሎች አየሁ፤ ጥላዬ ሲያርፍባቸው እየተወራጩ ወደ ታች ይወርዳሉ። ከመካከላቸው እንደ ነጠላ ሰረዝ የተቆለመሙ፣ ጭንቅላታቸው ወፍራም የሆኑም አሉ። በርሜሉን እደፋዋለሁ፤ የአጥሩን ሥር ቦይ ግን ማድረቅ አልቻልኩም። የተቃጠለ ዘይት አፍስስበት የሚሉኝ አሉ፤ ትክክል ነው?

መላሽ፦ የአካባቢ ጤና ባለሙያ

የተንጠለጠሉት እጮች፣ የተቆለመሙት ፑፓዎች ናቸው። ፑፓ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ክንፍ አውጥቶ ስለሚበር በርሜሉን ዛሬውኑ ይድፉት፤ የሚደፋውም በደረቅ መሬት ላይ ይሁን እንጂ ወደ ቦዩ አይሁን፤ ወደ ቦዩ ከገባ እዚያው እድገቱን ይጨርሳል።

የተቃጠለ ዘይት እጩን አፍኖ መግደሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን አፈሩንና የከርሰ ምድር ውሃውን ስለሚመርዝ እባክዎ አያፍስሱ። ቦዩን ጠርገው ተዳፋት አበጅተውለት ውሃው እንዲሄድ ቢያደርጉ ከሁሉ ይሻላል። ካልተቻለ ቢቲአይ የሚባለውን፣ ከባክቴሪያ የሚዘጋጀውን መድኃኒት ይጠቀሙ። ባክቴሪያው በ1976 እ.ኤ.አ. የተገኘ ሲሆን፣ እጩ ሲበላው አንጀቱን ይጎዳውና ይገድለዋል፤ በመመሪያው መሠረት ሲጨመር ሰውን፣ ከብትንና ዓሣን አይጎዳም። ፑፓ ስለማይበላ አይሞትበትም፤ ኃይሉም እያደር ስለሚደክም ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ጊዜ ይደገማል።

ስለ መሣሪያዎቹ ለጠየቁት፣ በሁለቱም ላይ ገንዘብ ባያወጡ እመክራለሁ። ቢምቢ ሰውን የሚያገኘው በትንፋሽ በሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በሰውነት ጠረንና ሙቀት ስለሆነ፣ ሰማያዊው መብራት በአብዛኛው የሚፈጀው ጉዳት የሌላቸውን ነፍሳት ነው። የድምፅ መሣሪያውም በተደረጉ ምርመራዎች ንክሻ ሲቀንስ አልታየም። ከዚህ ይልቅ ቢምቢ ነፋስን መቋቋም ስለማይችል ተራ ቬንቲሌተር በረንዳ ላይ ለተቀመጠ ሰው እውነተኛ ጥቅም አለው።

ለሕፃኑ ግን ከሁሉ የሚቀድመው አጎበር ነው። ቢምቢን የሚያባርረው ዲት የሚባል ኬሚካል ያለባቸው ቅባቶች ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን አይቀቡም፤ ከሎሚ ሽታ ባሕር ዛፍ የሚሠራው ቅባትም ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይመከርም። የሚጨስ ጥቅልል መድኃኒትም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሕፃን ሳንባ ጥሩ አይደለም። የእናንተ ግቢ ቢምቢ በቀን የሚነክስ ስለሆነ፣ ልጁ ጠዋትም ሆነ ከሰዓት ሲተኛ አጎበሩ ይዘርጋለት፤ ጠርዙም ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ይወተፍ።