የድሮ ቪዲዮ ካሴት ወደ ላፕቶፕ መገልበጥ፣ ድሬ ያላችሁ እርዱኝ

የገንደቆሬ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ። አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው፣ ቤታችን ቁም ሳጥን አናት ላይ 14 ቪዲዮ ካሴት አለ፣ ትልቁ ዓይነት፣ ቪኤችኤስ የሚባለው። የእናቴ ሰርግ አለ፣ የእህቴ ኒካህ አለ፣ ደሞ አባቴ አላህ ይርሀመው ምድር ባቡር ሲሰራ ጓደኞቹ የቀረጹት አለ፣ ድምፁ ያለበት ሌላ ምንም ነገር የለንም። ዴኩ፣ ማጫወቻው ማለቴ ነው፣ አለ፣ ሲሰካ መብራቱ ይበራል፣ ካሴት ግን ፈርቼ አልከተትኩበትም። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄጄ ስጠይቅ ይሄ ይሰራልሻል ብለው ሶስቱን ገመድ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ሸጡልኝ፣ ላፕቶፑ ላይ ስሰካው ግን ምንም የለም፣ ጥቁር ነው። ስቱዲዮ ስጪው እንዳትሉኝ፣ ሰርጉ ላይ ሴቶቹ ለብቻቸው ሻሻቸውን አውልቀው የሚጨፍሩበት አለ፣ እናቴ ደሞ ከዚህ ቤት አንድ ካሴት አይወጣም ብላለች። ሁለቱ ካሴቶች የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ጊዜ አክስቴ ቤት ነበሩ፣ እስካሁን ጭቃ አላቸው። ከየት ልጀምር?

አቦ ተወኝ፦
ወንድሜ ምን አስጨነቀህ፣ ቲቪው ላይ አጫውተህ በስልክህ ቅረጸው፣ አለቀ። እኔ የወንድሜን ምርቃት እንደዛ ነው ያረግኩት።

የገንደቆሬ ልጅ፦
እህትህ ነኝ ሃሃሃ። ሞክሬዋለሁ፣ ሌላ ሰው ቤት፣ በነሱ ካሴትና ቲቪ፣ ምስሉ እየተብለጨለጨ ጥቁር መስመር ወደ ላይ ይወጣል፣ ድምፁ ላይ ደሞ የፋኑ ጩኸት ገባበት። ፋን አጥፍተሽ ቅረጪ ካልከኝ በግንቦት ድሬ ላይ አንተ ና ቅረጽ።

ከዚራ ኮምፒውተር፦
የገዛሽው ሳጥን አልተበላሸም፣ ስራው ሌላ ነው። ላፕቶፕ ላይ ያለው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ መውጫ ነው እንጂ መግቢያ አይደለም፣ ምስል ወደ ቲቪ ይልካል እንጂ አይቀበልም። በዚህ ስንት ሰው ተሸወደ መሰለሽ። አንቺ የሚያስፈልግሽ ዩኤስቢ ካፕቸር የሚባለው ነው፣ በአንድ በኩል ቢጫ ነጭ ቀይ የሚሰካበት በሌላ በኩል ዩኤስቢ ያለው፣ ብዙ ሰው ኢዚካፕ ይለዋል። ቢጫው ምስል ነው፣ ነጭና ቀዩ ድምፅ። ዴክሽ የድምፅ መውጫው አንድ ብቻ ከሆነ ነጩ ላይ ሰኪው፣ ይበቃል። ፕሮግራሙ ኦቢኤስ ይሁን፣ ነፃ ነው። የምስሉን ዓይነት ፓል ምረጪ፣ የኛ አገር ካሴት የሚቀዳበት ነው፣ መጠኑን 720 በ576 አርጊ። ምስሉ ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከሆነብሽ ምስሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አርገሽ ዲኢንተርሌስ የሚለው ውስጥ ያዲፍ 2ኤክስ ምረጪ፣ ፍሬሙን 50 አርጊው። እና እባክሽ በኤምፒ4 አትቅጂ፣ ኤምኬቪ ላይ አርጊው፣ መብራት መሃል ላይ ቢሄድ ኤምፒ4 ሙሉ ፋይሉ አይከፈትም፣ ኤምኬቪ ግን እስከተቀዳበት ድረስ ይተርፋል። የኛን መብራት ታውቂዋለሽ።

ዴክ ሰሪው፦
ልጄ ቆይ፣ ኮምፒውተሩ ይደርሳል። ይሄ ሁሉ ሰው ስለ ላፕቶፕ ያወራል ዋናው ግን ዴኩ ነው። ዓመታት የቆመ ዴክ ውስጥ ያለው ጎማ በዚህ ሙቀት ወይ ይደርቃል ወይ ይሟሟል፣ ካሴቱን ይዞ መዞር ሲያቅተው ቴፑን ይበላዋል። ስለዚህ የአባትሽን ካሴት መጀመሪያ እንዳትከቺ። ድሬ ውስጥ የህንድ ፊልም ካሴት የሌለበት ቤት የለም፣ እሱን ክተቺና አንድ ሰዓት አጫውቺው፣ ወደፊት አስሮጪው፣ መልሺው፣ አውጪው። ከወጣ በኋላ የፊት ክዳኑን ከፍተሽ ቴፑን እዪ፣ ጠርዙ ከተጨማደደ ዴኩ ጥገና ይፈልጋል። ከበላ ደሞ እንዳትጎትቺ፣ ከሶኬት ንቀዪው፣ ክዳኑን ክፈቺ፣ በእጅሽ ቀስ እያልሽ አላቂው። ምስሉ በሙሉ በረዶ የሚመስል ከሆነ ሄዱ፣ ቴፑን የሚያነበው ክፍል፣ ቆሽሿል። ኢሶፕሮፒል አልኮል ፈልጊ፣ ፋርማሲ በብዛት የሚሸጠው 70 ፐርሰንቱ ነው፣ ውሃው ይበዛል፣ 99ኙ ይሻላል። በጥጥ እንዳትነኪው፣ ክሩ ሄዱ ላይ ይቀራል፣ ንፁህ ነጭ ወረቀት አርሰሽ ሄዱ ላይ አስደግፈሽ ሄዱ ያለበትን ክብ ከበሮ በእጅሽ አዙሪው፣ ወረቀቱን ወደ ላይ ወደ ታች ካንቀሳቀስሽው ግን ሄዱ ተሰብሮ ይወድቃል፣ መለዋወጫ ደሞ ከየት ታመጫለሽ፣ የመጨረሻው የጃፓን ፋብሪካ እንኳን በ2016 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ማምረት አቁሟል።

የጀጎል ልጅ፦
የሐረር ሰው ነኝ፣ የሴቶቹን ነገር ስላነሳሽው፣ የኛም ቤት እንደዛው ነበር፣ ጎረቤታችን ለአንድ ቀራጭ ቤት ሰጥታ ካሴቱ ጠፋ ተባለች፣ እስካሁን ስታስበው እንቅልፍ አይወስዳትም። ስለዚህ እናትሽ ልክ ናት። ሌላ አንድ ነገር፣ ካሴቱ ጀርባ ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ እዪ፣ ካልተሰበረች ስበሪያት፣ ሰው ተሳስቶ ሪኮርድ ቢጫን እላዩ ላይ አይቀዳም። ድሮ ስኮች ለጥፈን እላዩ ላይ እንቀዳ ነበር እኮ። የአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ ሙሽራው ሊገባ ሲል ምስሉ ይቋረጥና የ1990 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ይመጣል፣ ዚዳን ሁለቱን በጭንቅላት ሲያገባ። ሙሽራዋ እስካሁን ዚዳንን አትወደውም።

የገንደቆሬ ልጅ፦
ኢዚካፑን አገኘሁት! የህንድ ፊልሙን ከተትኩ፣ ወላሂ ዴኩ ሰራ፣ አልበላም። የእናቴን ሰርግ አንድ ሰዓት ቀዳሁና ሳዳምጠው ምን ቢገባበት ጥሩ ነው፣ ሰርጉ የለም፣ እናቴ ቡና ስትወቅጥና እኔን ስትሳደብ ነው ያለው።

ከዚራ ኮምፒውተር፦
ሃሃሃ የላፕቶፑን ማይክ ነው የቀዳሽው። ድምፅ የሚለው ቦታ ላይ ማይኩን አጥፊና ዩኤስቢውን በስሙ ምረጪ፣ ከዛ ሁለት ደቂቃ ቀድተሽ በኢርፎን ስሚ፣ ቀጥለሽ ሙሉውን። ቦታም አስቢ፣ ካሴቱ ኢ-180 ከሆነ ሶስት ሰዓት ነው፣ ማፍጠን የሚባል ነገር የለም፣ ሶስት ሰዓቱን ቁጭ ነው። በሴኮንድ 8 ሜጋቢት ካረግሽው ሰዓቱ ወደ 3.6 ጊጋ ይወስዳል፣ 14ቱም ሙሉ ቢሆኑ 42 ሰዓት፣ 150 ጊጋ ገደማ። ካለቀ በኋላ ሁለት ቦታ አስቀምጪ፣ አንዱን ሃርድ ዲስክ ለእህትሽ ስጪያት።

የገንደቆሬ ልጅ፦
ድምፁ ተስተካከለ። አሁን ሌላ ነው፣ አክስቴ ከአሜሪካ የላከችው አንድ ካሴት ጥቁርና ነጭ ሆኖ ምስሉ ወደ ላይ ይንከባለላል። ተበላሽቶ ነው?

ዴክ ሰሪው፦
አልተበላሸም። የአሜሪካ ካሴት ኤንቲኤስሲ ነው፣ በሴኮንድ 30 ምስል ገደማ፣ 525 መስመር። የኛ ፓል ነው፣ 25 ምስል፣ 625 መስመር። የዴክሽ ፊት ላይ ኤንቲኤስሲ የሚል ጽሁፍ ካለ ያጫውተዋል፣ ኦቢኤስ ላይ ግን ፓል የሚለውን ወደ ፓል 60 ቀይሪና ሞክሪ፣ እምቢ ካለ ኤንቲኤስሲ አርጊው። ጽሁፉ ከሌለ ዴኩ አይችልም፣ የሚያጫውት ዴክ መዋስ ነው።

አቦ ተወኝ፦
እኔ እኮ በስልክ ነው ያልኩት። አሁን ተማርኩ፣ የእኔንም ልቀዳ ነው አቦ።

የገንደቆሬ ልጅ፦
ፓል 60 ሰራ። 11 ጨርሻለሁ። የአባቴን ትናንት ማታ ነው የቀዳነው፣ ለገሀር በር ላይ ቆሞ ለጓደኛው በፈረንሳይኛ ይቀልዳል፣ እናቴ ሶስት ጊዜ መልሺው አለችኝ፣ ከዴኩ ሳይሆን ከላፕቶፑ አሳየኋት፣ ቴፑን እንዳላደክም። አሁን የቀሩት ሁለቱ የጎርፉና አንድ ሌላ ናቸው፣ እሱ በመስኮቱ ሲታይ ቴፑ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል አለው።

ዴክ ሰሪው፦
ነጩ ሻጋታ ነው፣ ዴክ ውስጥ ከገባ ሄዱን አቆሽሾ ለሌሎቹም ያስተላልፋል፣ ደግ ያረግሽው ለመጨረሻ ማቆየትሽ ነው። ስትከፍቺው ማስክ አርጊ፣ ውጪ ላይ ይሁን። የጎርፉንም እንዲሁ አትክተቺ፣ አንድ የአሸዋ ፍሬ ሄዱን ይፍቀዋል። እንዲህ አርጊ፣ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ያዢ፣ ከካሴቱ ስር አምስት ብሎን አለ፣ ፈተሽ ክዳኑን ሳታነቃንቂ አንሺና መጀመሪያ ፎቶ አንሺ፣ ቴፑ በየትኛው ሮለር በኩል እንደሚያልፍ እንዳይጠፋሽ። ከዛ ሁለቱን ጥቅል አውጥተሽ ወደ ሌላ ካሴት ንፁህ ቀፎ፣ ፕላስቲኩ ማለት ነው፣ ታዛውሪያለሽ። የደረቀውን ጭቃ ከጥቅሉ ጎን ላይ በለስላሳ ብሩሽ ብቻ፣ ቴፑን ራሱን በጣትሽ አትንኪው። ጸሐይ ላይ እንዳታሰጪ፣ በፀጉር ማድረቂያም እንዳትሞክሪ። ጥቅሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ ካገኘሽው ግን በግድ አትፍቺው፣ ይቀደዳል፣ እዛ ላይ አቁሚና ጻፊልኝ። መጀመሪያ ግን በማትፈልጊው ካሴት ተለማመጂ።

የገንደቆሬ ልጅ፦
ቀፎውን ከህንድ ፊልሙ ልውሰድ?

ዴክ ሰሪው፦
ከሱ ውሰጂ። ብሎኖቹን ሰሃን ላይ አስቀምጪ፣ ፋኑንም አጥፊ፣ ትንንሾቹን ክፍሎች ይዞብሽ ይሄዳል።

የገንደቆሬ ልጅ፦
ነገ ጁምዓ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሳይሞቅ እከፍተዋለሁ ጋሼ። ፋን ማጥፋቱ ላይ ብቻ ዱዓ አርጉልኝ።