የጋራ ዕቅዱ ረቂቅ፦ ለቆሎ በጀት ይዘን ገጣሚውን ረሳነው

የቆጪው (ረቂቅ ያዥ፤ እዚህ አብዛኞቻችን የምንጠራው በጅማ ሰፈራችን ስም ነው)

ሰላም ወገኖች። እሁድ በተባባልነው መሠረት የገጣሚዎች ማኅበራችንን የመጽሐፍ ኅትመትና የምርቃት ዕቅድ ረቂቅ እዚሁ እናብስለው። ጠቅላላ ጉባኤው ኅዳር ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁላችንም የምንፈርምበት አንድ ወረቀት ያስፈልገናል። የመጀመሪያውን ረቂቅ አንብባችሁታል። አብዛኞቻችሁ "አሪፍ ነው" ብላችሁ አልፋችሁታል፤ እሱ ደግሞ ምንም አልረዳኝም። ስለዚህ እኔው ራሴ ልተቸው።

የበጀት ሠንጠረዡን እዩት። ወረቀት አለ። ኅትመት አለ። የሽፋን ሥዕል አለ። የአዳራሽ ኪራይ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ባነር፣ ውሃ፣ ቆሎ ሳይቀር አለ። ገጣሚው የለም። ራሴ ገጣሚ ሆኜ፣ ራሴ ጽፌው፣ ራሴን ረሳሁት።

ልማዱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ለሕንጻ ምረቃ ጠራኝ። "አንድ ግጥም ጣል ታደርግልናለህ" አሉኝ። ጣል! ሁለት ሌሊት ፈጀሁባት። የወል ቤት ነበረች፣ በየሐረጉ ስድስት ስድስት ቀለም (ድምፅ) እየቆጠርኩ የሠራኋት፤ አንዷ ሐረግ ሰባት ሆና እምቢ ብላኝ ጠዋት ተማሪዎቼ ድርሰት ሲጽፉ እኔ ጠረጴዛው ላይ በጣቴ እየመታሁ ስቆጥር አንዱ ልጅ "ቲቸር ሰዓቱ አለቀ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። በምረቃው ቀን ዲጄው ተከፈለው። ድንኳን የተከለው ተከፈለው። ቪዲዮ አንሺውማ ቀብድ የተቀበለው ገና ሳይመጣ ነው። ለኔ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ስሜ ተሳስቶ ተጽፏል።

እና ሐሳቤ ይኸው ነው። ከሠንጠረዡ አናት ላይ "ለገጣሚው" የሚል መስመር ይግባ። ሌላው ከሱ ሥር ይሰለፍ።

የፈረንጅ አራዳው

ልክ ነህ፣ ግን ብሩ ከየት ይምጣ? አትቀየመኝና እውነቱን ልንገርህ። እኔ 1000 ኮፒ ያሳተምኩት ማተሚያ ቤቱ "ከሺህ በታች አያዋጣህም" ስላለኝ ነው። ሰውየው አልዋሸም። በኦፍሴት ስታሳትም ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ማውጣትና ማሽን ማዘጋጀት አለ፤ 300 አሳተምክ 1000፣ ያ ወጪ ያው ነው። ስለዚህ ለአንዱ መጽሐፍ ሲካፈል ሺው ይረክሳል። በነጠላ ረክሶልኝ በጅምላ ገደለኝ። አሁንም ስድስት ካርቶን ቤቴ አለ። ክረምቱን ታውቁታላችሁ፣ ሽፋኑ በእርጥበት እንደ ቅጠል ተጠቅልሏል። ባለቤቴ ካርቶኖቹን ጨርቅ አልብሳ ለእንግዳ መቀመጫ አድርጋቸዋለች፤ ያውም በበርጩማ አገር።

መጀመሪያ ስንት ኮፒ መሸጥ እንደምንችል እንነጋገር። ክፍያው ከዚያ በኋላ።

የጅሬኗ

በኮፒው ጉዳይ እስማማለሁ። 300 ይበቃናል፣ በዲጂታል ማተሚያ። አንዱ መጽሐፍ ይወደዳል፤ ግን አልጋ ሥር የሚያድር የለም።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። ረቂቁ ውስጥ "የአማርኛ ግጥም" የሚል ቃል አራት ጊዜ ተጽፏል። ጅማ ተቀምጠን? የኔ ግጥሞች ግማሾቹ በአፋን ኦሮሞ ናቸው፤ የሌሊት ተረኛ ስሆን ታካሚዎቼ ሲያንቀላፉ የምጽፋቸው። እናቴ የምትሰማቸው እነሱን ነው። ጥራዙ የሁለቱም ይሁን። ካሁኑ ላስጠንቅቃችሁ ግን፤ ቁቤ ቦታ ይወስዳል። አናባቢው ይደጋገማል፣ ተነባቢው ይደጋገማል፣ ያቺው አንዲት ስንኝ ከአማርኛው በጣም ትረዝማለች። በጠባብ ገጽ ላይ ስንኙ ይታጠፍና አንባቢው ሁለት ስንኝ ይመስለዋል። ባለፈው ስብስብ ላይ ደርሶብኛል፤ ለቅሶ ቤት የጻፍኩት ግጥም መሃሉ ተሰብሮ እንደ ቀልድ ተነበበ። ስለዚህ የገጹ ስፋት በሽፋን ሠሪው ፍላጎት ሳይሆን በረጅሙ ስንኝ ይወሰን።

ጋሼ ከሂርማታ

ልጆቼ፣ እኔ በስቴንስልና በሮኒዮ ማባዣ ዘመን ነው ያደግሁት። ያኔ ስቴንስሉ ላይ አንድ ፊደል ከተሳሳትክ በቀለም ደፍነህ እፍ እያልክ ማድረቅ ነው። የዘንድሮው ስሕተት ግን ሌላ ነው። ከእናንተ መካከል እስካሁን በፓወር ግዕዝ፣ በድሮው የኮምፒውተር ፊደል፣ የሚጽፍ አለ፤ ማን እንደሆነ አልናገርም። ማተሚያ ቤቱ በዩኒኮድ ነው የሚሠራው። ጽሑፉ ሲገለበጥ አንዳንዱ ፊደል ይጠፋል፣ አንዳንዱ ይለወጣል። በተራ ጽሑፍ ላይ አንባቢው ገምቶ ያልፈዋል። በግጥም ላይ ግን አንድ ቀለም ጎደለ ማለት ምቱ ተሰበረ ማለት ነው፤ ሰም ለበስ ቃል ከሆነችማ ወርቁ አብሮ ይሄዳል። አንባቢው ደግሞ "ይሄ ገጣሚ አይችልም" ብሎ ይዘጋችኋል፣ ማሽኑን አይወቅስም።

ስለዚህ እርማት ሥራ መሆኑ ይጻፍ፣ ዋጋም ይውጣለት። ከኅትመት በፊት ገጣሚው ራሱ የመጨረሻውን ፕሩፍ (የሙከራ ኅትመት) ጮክ ብሎ ያንብብ። ዓይን ይዘላል፣ ጆሮ አይዘልም።

ክፍያን በሚመለከት ደግሞ፣ እንደ አዲስ ነገር የምታወሩት ገርሞኛል። አዝማሪ "ተቀበል" ሲባል ስንኙን የሚቀበለው ከብሩ ጋር ነው። ግንባሩ ላይ እየተለጠፈለት። ግጥም በነጻ የሆነው ወረቀት ላይ ከወጣ ወዲህ ነው እንዴ?

ሒሳብ ያዥ

ጋሼ ገደሉን 😂። እኔ ቁጥር ይዤ መጥቻለሁ። የመጽሐፍ እቁብ እንግባ። 15 ነን። እያንዳንዳችን በወር 1000 ብር ብንጥል በሦስት ወር 45000 ይሆናል። አንዱን ኮፒ በ150 ብር ብንገምት 300 ኮፒ ይወጣል (ግምት ነው፣ ከሁለት ማተሚያ ቤት ዋጋ አምጥተን እናስተካክለዋለን)። በየሦስት ወሩ ዕጣ እናወጣለን፣ የደረሰው ያሳትማል። ዳኛ አለ፣ ዋስ አለ፣ ሁላችንም የምናውቀው አሠራር ነው።

የፈረንጅ አራዳው

15 ሰው ሲባዛ በ3 ወር 45 ወር ነው። የመጨረሻው ሰው መጽሐፉን የሚያየው በአራተኛው ዓመት ላይ! ለዚያውም የወረቀት ዋጋ እስከዚያ የት እንደሚደርስ እግዜር ይወቅ። በተራ እቁብም መጨረሻ የደረሰው ሰው የሚያገኘው ያው ብር ነው፣ የሚገዛለት ግን ያንሳል። እኔ ደግሞ ዕጣ ወጥቶልኝ አያውቅም።

የቆጪው

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ትናንት ማታ ሳሰላስለው አደርኩ። ሦስት ሦስት ገጣሚ በአንድ ጥራዝ ብናደርግስ? 15 ሰው አምስት ጥራዝ ይሆናል። አምስት ጊዜ ሦስት ወር፣ 15 ወር። ሁሉም ሰው በአንድ ዓመት ከሩብ ውስጥ ታትሞ ያልቃል። ዕጣው ይቅር፤ ቀድሞ የደረሰ ጽሑፍ ቀድሞ ይግባ። ሦስቱ ሰዎች አንዱ የሌላውን ያርማሉ፤ የጋሼ እርማት እዚያው ይሠራል። የጅሬኗ ያነሳችውም ይፈታል፤ በእያንዳንዱ ጥራዝ ቢያንስ አንድ ሰው በአፋን ኦሮሞ የሚጽፍ ይግባ፣ ገጹም በዚያ ይለካ። "የአማርኛ ግጥም" የሚለውን አራቱንም ቦታ ሰርዣለሁ፤ ይቅርታ፣ እጄ ለምዶ ነው።

አሁን ወደ ክፍያው። ከ45000ው ላይ 9000 አስቀድሞ ይነሳ፤ ለሦስቱ 3000 3000 ብር፣ ጽሑፉን ባስረከቡ ቀን። የቀረው 36000 ማተሚያ ቤት ይግባ። በዚያው ግምት 240 ኮፒ ነው። ከ300 ወደ 240 መውረድ ያሳምማል፣ አውቃለሁ። ግን 60ው ኮፒ የት እንደሚያድር ወንድማችን ነግሮናል።

የፈረንጅ አራዳው

ቆይ ቆይ። ብሩ የኛው ነው እኮ። ከአንዱ ኪሳችን አውጥተን ሌላው ኪሳችን ውስጥ ልንከት ነው? ይሄ ጨዋታ ነው።

የቆጪው

ይሄን ጥያቄ እየጠበቅሁት ነበር። በመጀመሪያው ዙር አዎ፣ ከኪስ ወደ ኪስ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ዋጋ ስንተምን ነው። እስካሁን መጽሐፍ ስንሸጥ ምን እናደርጋለን? የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ ለኮፒው እናካፍልና ትንሽ ጣል እናደርግበታለን። ገዢው የሚከፍለው የወረቀትና የቀለም ነው። የአንተን ሌሊት አልከፈለበትም፣ ምክንያቱም እኛ ራሳችን ደረሰኙ ላይ አላስገባነውም። 9000ው ወጪ ሆኖ ከተጻፈ ግን 45000ው ለ240 ነው የሚካፈለው፤ አንዱ መጽሐፍ ለኛ 187 ብር ከ50 ፈጀ ማለት ነው። ከዚያ በታች አይሸጥም። አከፋፋይ ሲደራደረንም ከዚያ ላይ ነው የምንነሳው። ለባህል ጽሕፈት ቤት ድጋፍ ስንጠይቅም ያችን መስመር ያዩዋታል፤ "ይሄ ምንድን ነው?" ካሉን እናስረዳለን።

የፈረንጅ አራዳው

እሺ። 187 ከ50 ገብቶኛል። እንዲህ ከመጀመሪያው ብትለው ምን ነበረበት። የኔን ዋጋ የተመንኩት ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር።

የጅሬኗ

የመድረኩስ ነገር? አዲስ አበባ ሰው ግጥም በጃዝ ለሚባለው መድረክ መግቢያ ከፍሎ ሲገባ ኖሯል። እኛ ዘንድ መግቢያው ይቅርና መሄጃ ባጃጁንም የምንከፍለው እኛው ነን። አንድ አንቀጽ ትግባ፦ ዲጄ የሚከፈልበት መድረክ ላይ ማንኛችንም በነጻ አንወጣም። ለቅሶ፣ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያና የሰፈር ልጆች ሠርግ አይካተቱም። ግን አንዳችን እምቢ ስንል ሌላችን ሄደን የምንተካ ከሆነ ዋጋ የለውም። ሴቶች ቀን ላይ እኔ እምቢ ብዬ ከመካከላችን አንዱ ሄዷል። ስም አልጠራም፣ ጋሼን ልምሰል።

ሒሳብ ያዥ

አንቀጿ ገብታለች። መብትን የሚመለከትም አንድ ነገር ልጨምር። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት የገጣሚው ነው፤ ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት። ማኅበሩ የሚያሳትመው ያንን ጥራዝ ብቻ እንደሆነ በጽሑፍ ውል ይኑረን። ነገ አንዳችን ግጥማችንን ለዘፋኝ ብንሸጥ ማኅበሩ "የኔ ነው" እንዳይል። አይ.ኤስ.ቢ.ኤኑንም (የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሄዶ የሚያወጣልን ሰው ያስፈልጋል።  አዲስ አበባ ለሌላ ጉዳይ የሚሄድ ካለ ይንገረን፤ ለዚህ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አይኑር።

ጋሼ ከሂርማታ

ምርቃቱን ጥር መጨረሻ አድርጉት። ቡናው ተለቅሞ ተሸጦ ሰው እጁ ላይ ብር የሚኖረው ያኔ ነው። ሐምሌ ላይ ያደረጋችሁትን አስታውሳለሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ገጣሚዋን ከፊት ረድፍ ያለነው ብቻ ነን የሰማናት።

የቆጪው

ጥር መጨረሻ ብዬ ጻፍኩ። ለቅድሚያ ገዢዎች ታኅሣሥ ላይ በቴሌብር መሰብሰብ እንጀምራለን፤ በእያንዳንዱ ጥራዝ 80 ሰው ቀድሞ ከከፈለ ቀሪው 160 ነው፣ ያንን በእጅ መሸጥ አያቅተንም። የተሸጠው ብር ወደ እቁቡ ይመለሳል፤ ከሁለተኛው ጥራዝ በኋላ የወር መዋጮው ይቀንሳል ብዬ አስባለሁ፣ ቃል ግን አልገባም። ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል፦ የሦስቱ ገጣሚ የገጽ ድርሻ እኩል ይሁን ወይስ እንደ ጽሑፉ? እኔ እኩል ባይ ነኝ። ቅዳሜ 9 ሰዓት አጂፕ ጋ ተገናኝተን እንጨርሰው። ላፕቶፕ ያላችሁ ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ፤ ባለፈው መብራት ሄዶብን በስልክ መብራት ነው ያነበብነው።

የጅሬኗ

ቅዳሜ ተረኛ ነኝ። እሁድ ይሁን። የገጹ ድርሻ እንደ ጽሑፉ ይሁን፣ የኔ ስንኞች ረጃጅም ናቸው አልኳችሁ እኮ።

የቆጪው

እሁድ 9 ሰዓት። በድርሻው እዚያው እንከራከራለን።

ጋሼ ከሂርማታ

ቆሎውን ከበጀቱ አውጡት። እኔ አስቆልቼ እመጣለሁ።