ዋይድ ሪሲቨር በምን ይመዘን? በተችዳውን ወይስ በሚወረወርለት ኳስ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ (የሊጉ አስተባባሪ)፦

ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ድራፍታችን (ተጫዋቾችን በየተራ የምንመርጥበት ቀን) ሳይደርስ አንድ ያደረ ጉዳይ እንቋጭ። የአሜሪካን ፉትቦል ፋንታሲ ሊጋችን (እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጠን ሜዳ ላይ በሠሩት ልክ ነጥብ የምንቆጥርበት ውድድር) ከተመሠረተ ጀምሮ ዋይድ ሪሲቨር (የሚወረወርለትን ኳስ የሚቀበለው ተጫዋች) ኳስ በያዘ ቁጥር 1 ነጥብ፣ በየ10 ያርዱ 1 ነጥብ፣ ለተችዳውን (ኳሱን ይዞ የግቡን መስመር ሲያልፍ) ደግሞ 6 ነጥብ ስንሰጥ ኖረናል። ከ12 አባላት አራቱ ለመያዝ የሚሰጠው ነጥብ ጨርሶ ይቅር ብለዋል። እኔ ግማሽ ነጥብ ይሁን ባይ ነኝ። ክርክሩ ሂሳብ ይመስላል፤ ሥሩ ግን አንድን ተቀባይ ጥሩ ተጫወተ የምንለው በምን ለክተን ነው የሚለው ነው።

የ2022ን የውድድር ዘመን አስታውሱ። የሚኒሶታው ጀስቲን ጄፈርሰን 128 ኳስ ይዞ 1,809 ያርድና 8 ተችዳውን አስመዘገበ። በላስ ቬጋስ የነበረው ዳቫንቴ አዳምስ 100 ኳስ፣ 1,516 ያርድና 14 ተችዳውን ነበረው። በመቀበል ያገኙትን ብቻ ስናሰላ፣ አሁን ባለን ደንብ ጄፈርሰን 356.9፣ አዳምስ 335.6 ነጥብ ይደርሳቸዋል። የመያዣውን ነጥብ አንሱት፤ አዳምስ 235.6፣ ጄፈርሰን 228.9 ይሆናሉ። ሰዎቹ ሜዳ ላይ የሠሩት ያው ሆኖ ሳለ፣ ሚዛኑ ሲቀየር ቀዳሚው ተቀየረ። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ የምትመርጡትን ሚዛን ከነምክንያቱ ተናገሩ።

የኮሎምበሱ፦

ሐሳቡን ካቀረቡት ከአራቱ አንዱ እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። በ5 ያርድ ርቀት ላይ ኳስ ተቀብሎ ወዲያው የሚወድቅ ተቀባይ በደንባችን 1.5 ነጥብ ያገኛል። ኳስ ይዞ የሚሮጠው ተጫዋች ደግሞ በሁለት ተከላካዮች መካከል ሰንጥቆ 14 ያርድ ቢሮጥ የሚያገኘው 1.4 ነው። ይህን ፍትሕ የሚለኝ ሰው ያስረዳኝ።

አሜሪካን ፉትቦል የሚረታው ሰሌዳው ላይ በሚጻፈው ነው። ጃማር ቼዝ በ2024 ለሲንሲናቲ 127 ኳስ፣ 1,708 ያርድና 17 ተችዳውን ይዞ በሦስቱም የሊጉ አንደኛ ወጣ። ጄፈርሰን በዚያው ዓመት 1,533 ያርድና 10 ተችዳውን ነበረው። በያርድ የተበላለጡት በ175 ነው፤ ይህ 17.5 ነጥብ ነው። በተችዳውን ግን በ42 ነጥብ ተራራቁ። ያርድ ሰብስቦ ከመስመሩ የማያልፍ ተቀባይ ለእኔ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

የሚኒያፖሊሷ፦

ወንድሜ፣ ስለ 14 ያርዱ ሩጫ ያነሳኸው እውነት ነው፤ አንድ ሙሉ ነጥብ ለአጭር ቅብብል ይበዛል። ከዚያ ወዲያ ባለው ግን አልስማማም።

ኖቬምበር 13 ቀን 2022 ሚኒሶታ በቡፋሎ ሜዳ እየተመራ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ አልቀረውም፤ አራተኛውና የመጨረሻው ሙከራ ነው፤ ኳሱ ለተጋጣሚ እንዳይሰጥ የሚፈለገው 18 ያርድ ነው። ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪው) ከርክ ከዝንስ ኳሱን ወደ ላይ ለቀቀው። ጄፈርሰን ወደ ኋላ ተለጥጦ በአንድ እጁ ያዘው። ተከላካዩ ኳሱን በሁለት እጁ ይዞታል፤ ሁለቱ ተያይዘው ሲወድቁ ግን ኳሱ የጄፈርሰን ሆኖ ተገኘ። 32 ያርድ! ሽሮዬ ምድጃ ላይ ነበር፤ ማማሰያውን እንደያዝሁ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ሚኒሶታ በጭማሪ ሰዓት 33 ለ30 አሸነፈ፤ ጄፈርሰንም ያን ቀን 10 ኳስ ይዞ 193 ያርድ ሠራ።

ያ አንድ አያያዝ በእኛ ሊግ ስንት ነጥብ አወጣ? 4.2 ነው። ከግቡ መስመር 1 ያርድ ላይ ማንም ሳይነካው ኳስ የተቀበለ ተጫዋች በዚያው ደንብ 7.1 ይወስዳል። የመያዣውን ነጥብ ካነሳነው ደግሞ 3.2 እና 6.1 ይሆናል፤ የጄፈርሰኑ ከሌላኛው በግማሽ ገደማ ያንሳል። እናንተ የምትሉት ደንብ ይህን ስብራት የባሰ ያሰፋዋል።

ሌላም አለ። በ2023 ከዝንስ ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት ተበጥሶ ከሜዳ ወጣ፤ ጄፈርሰን ራሱም በጉዳት 7 ጨዋታ አመለጠው። ሆኖም በ10 ጨዋታ ብቻ 1,074 ያርድ አስመዘገበ። በ2024 ወርዋሪው ሳም ዳርኖልድ ሆነና እንደገና ከ1,500 አለፈ። የሚወረውርለት ሰው ሲለዋወጥ ያርዱ ካልሸሸው፣ ያ ያርድ የእርሱ ነው።

የአትላንታው፦

ልጆቼ፣ እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። በ2018 ጁሊዮ ጆንስ የእኔ ተጫዋች ነበር። በመጀመሪያዎቹ 7 ጨዋታዎች አንድም ተችዳውን አላገባም። በፊተኛው ዓመት በ2017 1,444 ያርድ ሠርቶ ሳለ ያገባው 3 ብቻ መሆኑን ስላየሁ፣ ይህ ሰው መስመሩን ማለፍ አይችልም ብዬ ደመደምሁ። ከእነዚያ ከሦስቱ ሁለቱ በአንድ ቀን፣ 253 ያርድ በሠራበት የታምፓ ቤይ ጨዋታ የገቡ ናቸው። ትዕግሥቴ አለቀና ለሌላ አባል አሳልፌ ሰጠሁት።

በዚያው ሳምንት ልጄን ልጠይቅ ሜሪላንድ ሄጄ ነበር፤ እርስዋም ላንዶቨር ወዳለው የዋሽንግተን ስታዲየም ወሰደችኝ። አትላንታ 38 ለ14 ያሸነፈበት ጨዋታ ወደ ማብቂያው ሲጠጋ፣ ጁሊዮ ኳስ ተቀብሎ 35 ያርድ ሄዶ ገባ። የቡድን ጓደኞቹ ከበው ሲያቅፉት አየሁ። እኔ ግን እጄን ለጭብጨባ ማንሳት አቃተኝ። የዚያ ዓመት ድምሩ 1,677 ያርድ ነው፤ በሊጉ አንደኛ። 8 ተችዳውንም አገባ፤ ስምንቱም እኔ ከለቀቅሁት በኋላ ባሉት 9 ጨዋታዎች ነው። ኳሱ በሰባቱም ጨዋታ ወደ እርሱ ሲወረወር እያየሁ ነበር፤ ማየት የነበረብኝ ያንን ነበር።

የአዲስ አበባው፦

ጋሼ፣ ይህን በማካፈልዎ አመሰግናለሁ። እኔ ወደዚህ የመጣሁት ከእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ፋንታሲ ነው። እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚጀምሩትን እከታተላለሁ፤ የሰኞው ጨዋታ ግን እኛ ዘንድ ማክሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስለሆነ ውጤቱን ስነቃ ነው የማየው። በፕሪምየር ሊጉ ለአጥቂ ጎል 4፣ ለጎል አመቻች 3 ነጥብ ይሰጣል። በየጨዋታው ደጋግሞ ወደ ጎል የሚመታን አጥቂ፣ ለጥቂት ሳምንት ባያገባ አትሽጠው እንባባላለን። እዚህስ የዚያ አቻ ምንድን ነው? ለጀማሪ አንድ ቁጥር ብቻ ተመልከት ብትሉ የትኛውን ትሰጡኛላችሁ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

ታርጌትን። ተያዘም አልተያዘም፣ ወደ ተቀባዩ የተወረወረ ኳስ ሁሉ ታርጌት ይባላል። ማንም ሰው ሳይመረጥ ኳስ አይወረወርለትም፤ ለመመረጥ ደግሞ ከተከላካዩ መላቀቅ አለበት፤ አሠልጣኙም ኳርተርባኩም ሊያምኑት ይገባል። ኩፐር ከፕ በ2021 ለሎስ አንጀለስ ራምስ 191 ጊዜ ተወርውሮለት 145ቱን ያዘ፤ 1,947 ያርድና 16 ተችዳውን ሠራ። የገረመኝ ድምሩ አይደለም። ከ17 ጨዋታዎች በ16ቱ ከ90 ያርድ በላይ አስመዝግቧል። እኛ በየሳምንቱ አንድ ለአንድ ስለምንገጥም እንዲህ ያለ ሰው በአንድ እሑድ 40 ነጥብ አፈንድቶ ሦስት ሳምንት ከሚጠፋው ይበልጥብኛል።

ተችዳውን ግን ከዓመት ዓመት ይዋልላል። የዲትሮይቱ ካልቪን ጆንሰን በ2011 1,681 ያርድና 16 ተችዳውን ነበረው። በ2012 የአንድ የውድድር ዘመን የያርድ ክብረ ወሰን ሰብሮ 1,964 ደረሰ፤ ተችዳውኑ ግን ወደ 5 ወረደ። በ2013 ያርዱ ወደ 1,492 ቀነሰ፣ ተችዳውኑ ወደ 12 ተመለሰ። በ2012 ጆንሰን መጫወት ረስቶ ነበር የሚል ሰው አለ? 5ቱን አይቶ በቀጣዩ ድራፍት የሸሸው ሰው ተጎዳ።

የቼዝንም ዓመት በአንክሮ እንየው። ከ17ቱ ተችዳውን 5ቱ በባልቲሞር ላይ ብቻ የተገኙ ናቸው፤ በኦክቶበሩ ጨዋታ 193 ያርድና 2፣ በኖቬምበሩ 264 ያርድና 3። ሲንሲናቲ ግን ሁለቱንም ተሸነፈ፤ 41 ለ38 እና 35 ለ34። መከላከሉ ሲያፈስ ኳርተርባኩ ጆ ባሮው እስከ መጨረሻው ደቂቃ ከመወርወር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በ4,918 ያርድና በ43 ተችዳውን የሊጉ አንደኛ ሆኖ ቡድኑ ከጥሎ ማለፉ ውጭ ቀረ። ቼዝ ድንቅ ተጫዋች ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን መከላከሉ ቢጠገን የሚወረወርለት ኳስ ሊቀንስ ይችላል፤ ዋጋውን ስትተምኑ ይህን አስገቡበት።

የኮሎምበሱ፦

የቡድኑ መከላከል ስለማፍሰሱ እውነት ነው፤ እኔም በየሳምንቱ እየተቃጠልሁ አይቼዋለሁ። ተችዳውን ዕድል ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። ዳቫንቴ አዳምስ በ2016 12፣ በ2017 10፣ በ2018 13፣ በ2020 በ14 ጨዋታ ብቻ 18፣ በ2021 11 አገባ። ከዚያ ከኳርተርባኩ ከአሮን ሮጀርስ ተለይቶ ወደ ላስ ቬጋስ ሄደ፤ በዚያም 14። ይህ ሁሉ ዕድል ነው? አዳምስ በግቡ አፋፍ፣ ቦታ በጠበበበት፣ በመጀመሪያዋ እርምጃ ተከላካዩን አንድ ወገን አስይዞ በሌላው ወገን ይወጣል። ይህ ችሎታ ነው፤ የእናንተ ታርጌት አይቆጥረውም።

የሚኒያፖሊሷ፦

በ2019 ግን 5 ነበር፤ ያንን ዘለልኸው።

የኮሎምበሱ፦

በጉዳት 12 ጨዋታ ብቻ የተጫወተበት ዓመት ነው። እርሱንም ጨምሪው፣ ክርክሬ አይፈርስም።

የሚኒያፖሊሷ፦

እውነትህን ነው፣ አይፈርስም። ስለ አዳምስ እግር ያልኸውም ትክክል ነው፤ የእርሱን አነሳስ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እንግዲያውስ መቁጠር ያለብን ከግቡ 10 ያርድ ውስጥ ወደ ተቀባዩ የሚወረወረውን ኳስ ነው። አዳምስን በዚያ ቦታ ይፈልጉት ነበር፤ ስለዚህ ተችዳውኑ ይደጋገማል። በዚያ ቦታ ሳይፈለግ ከ60 ያርድ ላይ በሦስት ረጃጅም ኳሶች ዓመቱን ያሳመረ ተቀባይ ግን በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ይደግማል ብዬ ምርጫዬን አላስይዝም።

የአትላንታው፦

ይህ የሚያስማማ ቃል ነው። አስተባባሪ፣ የእኔን ድምፅ ለግማሽ ነጥቡ ያዝልኝ።

የአዲስ አበባው፦

የእኔንም። ጠቅላላውን ታርጌትና ከግቡ 10 ያርድ ውስጥ ያለውን ለየብቻ መዝግቤ እጀምራለሁ።

የኮሎምበሱ፦

እኔ ተቃውሞዬን አስመዝግቡልኝ፤ ለመያዝ ግማሽም ቢሆን አይገባውም። ደንቡ በድምፅ ከጸደቀ ግን እገዛለታለሁ። የመጀመሪያው ዕጣ ከደረሰኝም ቼዝን እወስዳለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

ተመዝግቧል። እስካሁን ግማሹን የደገፉት ከእኔ ጋር 7፣ የተቃወሙት 4 ናቸው። አንድ አባል በሥራ ፈረቃ ላይ ስለሆነ እስከ ዓርብ ማታ ድረስ እጠብቀዋለሁ፤ የዕጣውን ቅደም ተከተል ቅዳሜ ጠዋት አወጣለሁ።