«ርካሽ አክሲዮን» ልክ ነው ወይስ ስድብ? («የተጣራ ሀብት»ም ግራ አጋብቶኛል)

ፊደል_ወዳጅ፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። ለጀማሪ አክሲዮን ገዢዎች የሚሆን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ጉዳዩ አሜሪካዊው የአክሲዮን ተንታኝ ቤንጃሚን ግራሃም በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ላይ ያስተማረው ዘዴ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ይኸውላችሁ፦

«ግራሃም ከተጣራ ሀብታቸው በታች የሚሸጡ ርካሽ አክሲዮኖችን እየለቀመ ይገዛ ነበር።»

አራሚዬ «ርካሽ» የሚለውን ሰርዛ «ዋጋቸው የወረደ» አድርጋዋለች። ርካሽ ካልክ አንባቢው የማይረባ አክሲዮን ነው ብሎ ይረዳዋል ትላለች። እኔ ደግሞ «ዋጋው የወረደ» ልክ አይመስለኝም። ከ100 ዶላር ወደ 60 የወረደ አክሲዮን ከበስተጀርባው ያለው ሀብት 40 ብቻ ከሆነ አሁንም ውድ ነው። ለአሥር ዓመት ዋጋው ንቅንቅ ያላለ አክሲዮን ደግሞ ከሀብቱ በታች ሊሆን ይችላል። አንድ ቃል ፈልጉልኝ። ሁለተኛ ጥያቄ፦ «የተጣራ ሀብት» ስንል ሕንፃና ማሽን ይገባል? ግራሃም አያስገባም ነበርና።

ግስ_አውራጅ፦
አራሚህ ልክ ናት፣ ዕድሜ ይስጣት። ረከሰ ግእዙ ረኵሰ ነው። ከቅድስና ወጣ፣ ጐደፈ ማለት ነው። ማቴዎስ 24 ላይ «የጥፋት ርኩሰት» ሲል ስለ ዋጋ መቀነስ አይደለም የሚናገረው። «ርኩስ መንፈስ»ም እንደዚሁ። የገበያው ረከሰ ከዚሁ የወጣ ነው፤ ክብሩን ያጣ ነገር ዋጋውንም ያጣል። በግእዝ ክቡር የተከበረም ነው፣ ዋጋው ከፍ ያለም ነው። «ዕንቍ ክቡር» የምንለው ለዚህ ነው። የክቡር ተቃራኒ ደግሞ ኅሡር፣ የተዋረደ፣ ነው። አንድን ኩባንያ ርካሽ ማለት ኅሡር ማለት ነው። ይኸው ነው።

የሲልቨር_ስፕሪንጉ፦
መምህር፣ በአክብሮት አልስማማም። እናቴ ከእህል በረንዳ ተመልሳ «ጤፍ ረክሷል» ያለች ቀን ቤቱ ይደሰት ነበር። ጤፉ ጐደፈ ማለቷ አልነበረም። ማኛውን ነው ረከሰ የምትለው! አስተውሉ፣ ግሱና ቅጽሉ አንድ አይደሉም። «ረከሰ» ሲባል ዕቃው ያው ነው፣ የተለወጠው ዋጋው ነው። «ርካሽ» ሲባል ግን ነገሩ ወደ ዕቃው ይዞራል፦ ርካሽ ጫማ፣ ርካሽ ወሬ፣ ርካሽ ፖለቲካ። «በ» ስትጨምርበት ደግሞ ስድቡ ይጠፋል። «በርካሽ ገዛሁት» ያለ ሰው ዕቃውን እየሰደበ ሳይሆን ራሱን እያመሰገነ ነው። ስለዚህ ጠያቂው «በርካሽ የሚሸጡ አክሲዮኖች» ቢል ምን አለበት? ግራሃምም የሚለው ይኸንኑ ነው። ዕቃው ደህና፣ ዋጋው ብቻ ዝቅ ያለ።

ሒሳብ_ሹሟ፦
ሰዋስውህን ወድጄዋለሁ፣ መጨረሻው ላይ ግን ስተሃል። ግራሃም ዕቃው ደህና ነው አላለም። ከሚገዛቸው ኩባንያዎች ብዙዎቹ የታመሙ ነበሩ። ነገሩ የመጣው ከታላቁ የገበያ ውድቀት በኋላ ነው። በ1932 (እ.ኤ.አ.) ፎርብስ መጽሔት ላይ በተከታታይ ሲጽፍ፣ ኒው ዮርክ ገበያ ላይ ከተጠኑ 600 ያህል የኢንዱስትሪ ኩባንያዎች ከ200 የሚበልጡት ዕዳቸው ሁሉ ተከፍሎ ከሚተርፋቸው የአጭር ጊዜ ሀብት ባነሰ ዋጋ ይሸጡ ነበር አለ። ከ50 የሚበልጡት ጭራሽ ከያዙት ጥሬ ገንዘብና ወዲያው ከሚሸጥ ሰነድ ባነሰ ዋጋ! ጥያቄው «እነዚህ ኩባንያዎች ቆመው ከሚሄዱ ቢዘጉ አይሻልም ወይ?» የሚል ነበር።

ስሌቱ ቀላል ነው። ጥሬ ገንዘቡን፣ ከደንበኛ የሚሰበሰበውን፣ መጋዘን ያለውን ዕቃ ትደምራለህ፤ የአጭር ጊዜ ሀብት ያልኩት ይኼን ነው። ከዚያ ላይ ዕዳውን በሙሉ፣ የረጅም ጊዜውንም ሳይቀር፣ ትቀንሳለህ። ሕንፃ፣ መሬት፣ ማሽን እንደሌለ ይቆጠራል። ቀሪውን ለአክሲዮኖቹ ቁጥር ታካፍላለህ። ዋጋው ከዚህ ውጤት ሁለት ሦስተኛ በታች ከሆነ ትገዛለህ፤ አንድ ኩባንያ ላይ ሳይሆን ብዙ ላይ በትነህ። ምክንያቱም አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ይነሳል፣ የትኛው እንደሚነሳ አታውቅም።

ጠያቂው ልብ ይበል፣ እኛ ቢሮ ውስጥ «የተጣራ ሀብት» ስንል ጠቅላላ ሀብት ሲቀነስ ጠቅላላ ዕዳ ነው፤ ሕንፃም ማሽንም ይገባል። የግራሃም ከዚያ የጠበቀ ነው። በአንድ ቃል ሁለቱን ብትጠራ አንባቢህ ገንዘቡን ያጣል።

ቀለም_ቀንድ፦
ሁላችሁም ትልቁን ነገር አለፋችሁት። የርካሽ ተቃራኒ ምንድን ነው? ውድ! ውድ ደግሞ ከወደደ ነው። ኑሮ ተወደደ፣ ስኳር ተወደደ እንላለን። ማን ወደደው? ሰው። አማርኛ ዋጋን የሚለካው በሰው ልብ ነው። ሰው የወደደው ይወደዳል፣ ሰው የተጸየፈው ይረክሳል። ዕቃው ውስጥ ያለው ሀብት በቃሉ ውስጥ የለም። ግራሃም ያለው ይኸንኑ አይደለም እንዴ? ገበያ ስሜት ነው፣ ሀብት ሌላ ነው። አያቶቻችን ቃሉ ውስጥ አስቀምጠውልናል። ስለዚህ «ርካሽ» ይቁም፤ የተጸየፉት ማለት ነው፣ ትክክለኛው ቃልም እሱ ነው።

ግስ_አውራጅ፦
ልጄ፣ ቅኔ ቤት ስንት ዓመት ከርመሃል? እኔ ግስ ሳወርድ አርጅቻለሁ። ግእዝ ለፍቅር «አፍቀረ» ይላል። ወደደ የአማርኛችን ነው፤ በላዩ ላይ ፍልስፍና አትገንባ። ረከሰን ግን ከቤተ ክርስቲያን ልታወጣው አትችልም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10፣ ጴጥሮስ ያን ጨርቅ ባየ ጊዜ የመጣለት ድምፅ «እግዚአብሔር ያነጻውን አንተ አታርክሰው» ነው። አታርክሰው! ዋጋ አትቀንስበት ማለት ነው እንዴ?

የሲልቨር_ስፕሪንጉ፦
መምህር፣ ጥቅሱ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። አታርክሰው የተባለው ነገሩ ራሱ ንጹሕ ስለሆነ ነው። ርኩስ ነው ያለው የጴጥሮስ ዐይን ነው። አክሲዮኑም እንዲሁ፤ ያረከሰው ገበያው ነው፣ ሀብቱ እዚያው ተቀምጧል። መጽሐፈ ምሳሌ 20፥14ንም እዩት። ገዢው «ክፉ ነው፣ ክፉ ነው» ይላል፣ ገዝቶ ሲሄድ ግን ይመካል። ከግራሃም በፊት የተጻፈ የግራሃም ትምህርት ነው።

ግስ_አውራጅ፦
ጥቅስ ማጣመም ጀመርክ። ያ ራእይ ስለ አሕዛብ ነው፣ ስለ ወል ስትሪት አይደለም። ወደ ግሱ እንመለስ።

ቀለም_ቀንድ፦
እሺ ወደ ግሱ። «የተጣራ»ን ያያችሁት የለም። ሀብት ከወሀበ ነው፣ የተሰጠ ማለት ነው፤ ሀብተ መንፈስ ቅዱስ እንዲሉ። ንብረት ከነበረ ነው፣ ተቀማጭ። ጥሪት ደግሞ ከጠራ ነው፣ የጠራ፣ ከዕዳ የጸዳ። እንግዲያው «የተጣራ ሀብት» ማለት ራሱ ጥሪት ነው! ሁለት ቃል ለምን? ጠያቂው «ከጥሪታቸው በታች የሚሸጡ» ይበል፣ ይገላገል።

ግስ_አውራጅ፦
ኧረ በስመ አብ። ፊደል ለይ! የጠራ፣ የተጣራ የሚለው በጸሎቱ ጸ፣ ከጸረየ ነው። ጽሩይ፣ «ወርቅ ጽሩይ» የሚለው ንጹሕ ወርቅ ነው። ጥሪት በጠ ነው፣ አጥረየ፣ ገንዘብ አደረገ፣ አፈራ ማለት ነው። አማርኛ ጸን ወደ ጠ ስለወሰደው ለጆሮህ አንድ መሰሉህ። ሰው ሲጣራ የምንለው ደግሞ ሦስተኛ ነው፣ ከጸርኀ፣ ጮኸ። ሦስት ግስ አንድ ድስት ውስጥ አትክተት። ጥሪት ያለው ሰው ዕዳም ሊኖርበት ይችላል።

ሒሳብ_ሹሟ፦
መምህር ስለ ጸ እና ጠ አመሰግናለሁ፣ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያልገባኝ ነበር። ግን «ማጣራት»ን እንዳትለቁት፤ በእኛ ሙያ ሌላም ሥራ አለው። ኩባንያ ሲዘጋ ንግድ ሕጉ «ሒሳብ አጣሪ» ይሾማል። አጣሪው ዕቃ ይሸጣል፣ ብድር ይሰበስባል፣ ዕዳ ይከፍላል፣ የቀረውን ለባለአክሲዮኖች ያካፍላል። ስለዚህ «የተጣራ» በወረቀት የተቀነሰም ነው፣ አጣሪ ገብቶበት የወጣም ነው። በሁለቱ መካከል ገደል አለ። ግራሃም ሕንፃና ማሽኑን የተወው ገደሉን ስላየው ነው። አጣሪ ሲመጣ ማሽን ምን እንደሚያወጣ ያውቃል።

የሲልቨር_ስፕሪንጉ፦
ለዚህ በርክሻየር ሃታዌይን የሚያክል ምሳሌ የለም። ዛሬ ስሙ ትልቅ ሆነ እንጂ በታኅሣሥ 1962 (እ.ኤ.አ.) የግራሃም ተማሪ የነበረው ባለሀብት ዋረን ቡፌት መግዛት ሲጀምር ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። የገዛው በ7.50 ዶላር ነው። የአጭር ጊዜ (የሥራ ማስኬጃ) ሀብቱ ዕዳው ተቀንሶ በአክሲዮን 10.25 ዶላር ነበር፣ የመዝገብ ዋጋው፣ ማለትም ሕንፃና ማሽን ገብቶ ዕዳ የተቀነሰለት ሀብቱ፣ 20.20። ከ10.25 አንጻር 73 በመቶ ገደማ ነው፣ ከግራሃም ሁለት ሦስተኛ ትንሽ ስለሚበልጥ መስፈርቱን በልክ አላሟላም። ከመዝገቡ አንጻር ግን ግማሽ አይሞላም። በርካሽ ገዛ ማለት ይኼ ነው።

ሒሳብ_ሹሟ፦
ታሪኩን ለምን ግማሽ ላይ ተውከው? ሐሳቡ ለኩባንያው መልሶ ሸጦ መውጣት ነበር። በ1964 የበርክሻየር ሥራ አስኪያጅ አክሲዮንህን በ11.50 ዶላር እገዛሃለሁ ብሎት በጽሑፍ ግን 11 ከሦስት ስምንተኛ (11.375) ብሎ ላከለት። ቡፌት ተናደደ፣ መሸጡን ትቶ ጨመረ፣ በ1965 ኩባንያውን ያዘው። ከዚያ ሃያ ዓመት ሙሉ ፋብሪካውን ለማዳን ደከመ፣ አልሆነም። በ1985 ተዘጋ።

አሁን ማሽኖቹን ተመልከቱ። መዝገብ ላይ 866 ሺህ ዶላር ተብለው የተቀመጡ ናቸው። በጨረታ ሲሸጡ ጠቅላላ የተገኘው 163,122 ዶላር። በ1981 አንዱ በ5 ሺህ ዶላር የተገዛ የሽመና ማሽን በ50 ዶላር እንኳ ፈላጊ ጠፋ። በመጨረሻ ለቁርጥራጭ ብረት አንዱ በ26 ዶላር ሄደ። ከቦታው ለማንሳት የወጣው ወጪ ከዚያ ይበልጣል። አራት ዓመት የሠራ ማሽን ነው! ይኼን ያየ ሰው «የተጣራ ሀብት» የሚለውን ቃል በዋዛ አይጽፍም። ሚዛኑ (የኩባንያው የሀብትና ዕዳ መግለጫ) ላይ ያለው የማሽን ቁጥር የተገዛበት ዋጋ ሲቀነስ እርጅና ነው፣ ገበያ የሚከፍለው አይደለም።

ፊደል_ወዳጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሹሟ እንደተረዳሁት ሁለት ቃል ያስፈልገኛል። ሰፊው «የተጣራ ሀብት» ይሁን። ለግራሃም ጠባቡ «ንጥር ሀብት» ብልስ? ቅቤ ሲነጠር አሬራውና ዝቃጩ ይወጣል፣ የቀረው ነው ንጥር። ሕንፃውና ማሽኑ እንደ ዝቃጩ ይቆጠሩ። ከዚያ «ከንጥር ሀብታቸው በታች የሚሸጡ» ካልኩ «ርካሽ» የሚለው ቃል ጭራሽ አያስፈልገኝም።

ቀለም_ቀንድ፦
ንጥርን ሳይንቲስቶች ወስደውታል። ንጥረ ነገር ብለው ብረትና ኦክስጅን አድርገውታል። አንባቢ ኬሚስትሪ ይመስለዋል። ደግሞ ሕንፃን ዝቃጭ ማለት አዲስ አበባ ላይ ማን ይሰማሃል? እዚህ ሀብት ማለት ሕንፃ ነው።

ሒሳብ_ሹሟ፦
ችግሩም እሱ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በእኛ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፣ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ነው። አሁን ሰው ሚዛን ማንበብ መጀመሩ አይቀርም። ገና በጠዋቱ ቃሉን ካላስተካከልን «ከሀብቱ በታች ነው» ተብሎ ሕንፃ ታቅፎ የተቀመጠ ኩባንያ ይገዛል። ባንክ ላይ ደግሞ የግራሃም ስሌት ከነጭራሹ አይሠራም፤ የባንክ ሀብቱ ብድር ነው፣ ዕዳው የሰው ተቀማጭ ነው። ንጥር ሀብት እኔ ደግፌያለሁ።

ግስ_አውራጅ፦
ንጥር አልቃወምም። «ሀብት»ን ግን እቃወማለሁ። ሀብት ስጦታ ነው፣ ከላይ የሚሰጥ። ሰው ነግዶ ያገኘው ጥሪት ነው። «ንጥር ጥሪት» በል።

የሲልቨር_ስፕሪንጉ፦
መምህር፣ «ንጥር ጥሪት» ብሎ ሦስት ጊዜ ሊናገር የሚችል ሰው ይምጣ። ምላስ ይሰብራል። ስለ ስጦታም ካነሣን፣ ዕዳው ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ማሽኑም ሕንፃውም ለገዢው በነጻ ነው የሚመጣው። ያንን ክፍል ሀብት ብንለው ግእዙም ይስማማል።

ቀለም_ቀንድ፦
እዚህ ድረስ ከመጣን አይቀር፣ «አክሲዮን» ራሱ ከጣልያን ነው ወይስ ከፈረንሳይ? እኔ ጣልያን እላለሁ።

ግስ_አውራጅ፦
ከፈረንሳይ ነው። ጣልያኑ «አጺዮኔ» ነው የሚለው፣ «ክ» የለውም። ፈረንሳዩ «አክሲዮን» ይላል፣ እንዳለ ነው የወሰድነው። ለዚህ ግስ ማውረድም አያስፈልግ።