የተወሰኑ ፊደላትን የያዙ የእንግሊዝኛ ቃላትን ያለ ኢንተርኔት እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቱሉ ዲምቱ

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ የእንግሊዝኛ ክበቡንም አስተባብራለሁ። በክበቡ ተማሪዎቹ ከካርቶን በቆረጥናቸው የፊደል ካርዶች ይጫወታሉ፤ አራት ካርዶች ይወጡና አራቱንም ፊደላት የያዘ ቃል የጻፈ ቡድን ነጥብ ያገኛል። በቅርቡ ኤ፣ ጂ፣ ኤን እና አር ወጥተው ልጆቹ ኦሬንጅንና አንግሪን ወዲያው ከጻፉ በኋላ ሁሉም ቡድኖች ቆሙ። ሃንግሪ ብለው የጻፉም ነበሩ፤ ሲጠራ ኤ ያለበት ይመስላል እንጂ የሚጻፈው በዩ ነው። ዳኛው እኔ ስለሆንኩ ትክክለኛ መልሶቹን አስቀድሜ በዝርዝር መያዝ እፈልጋለሁ። ቃላት የሚፈልጉ ድረ ገጾች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ሆኖም በሰፈራችን ኔትወርኩ ከመቆራረጡም በላይ የሚያመጡት ዝርዝር ልጆቹ ሰምተዋቸው በማያውቋቸው ቃላት የተሞላ ነው። በወረቀት ወይም ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር የሚሠራ ዘዴ የምታውቁ ብትነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ጡረተኛ የቋንቋ መምህር፣ ቃሊቲ

መምህር፣ በቅድሚያ የሚፈልጉት የትኛው ዓይነት ቃል እንደሆነ መለየት ይበጃል። ፊደላቱን ብቻ በማቀያየር የሚገኙ ቃላት አሉ፤ ከኤስ፣ ቲ፣ ኦ እና ፒ ስቶፕ፣ ፖስት፣ ስፖት፣ ፖትስ፣ ቶፕስ እና ኦፕትስ ይወጣሉ። ፊደላቱ ሳይነጣጠሉ ተከታትለው የሚገኙባቸውም አሉ፤ አንግሪ ውስጥ ኤ፣ ኤን፣ ጂ እና አር ልክ በዚህ ቅደም ተከተል ተቀምጠዋል። የእርስዎ ጨዋታ ግን ከሁሉም የሰፋው ነው፤ ፊደላቱ የትም ይሁኑ፣ ከሌሎች ጋር ይቀላቀሉ፣ ቃሉ ይቆጠራል።

ለዚህኛው በወረቀት ስፈልግ የምጀምረው ከቃል መድረሻ ነው። ጂ እና ኤን ከወጡ አይ-ኤን-ጂ የሚለው የግሥ መድረሻ ሁለቱንም ስለሚያሟላ፣ የሚቀረው ኤ እና አር ያሉበትን ግሥ መፈለግ ብቻ ይሆናል፤ ሪዲንግ፣ ለርኒንግ፣ ድሮዊንግ፣ ሂሪንግና ስታርቲንግ በአንድ ትንፋሽ ይመጣሉ። ራይቲንግ ግን ኤ ስለሌለበት አይሆንም። ከዚያ ወደ ሌሎቹ የትምህርት ዓይነቶች ይሻገሩ፤ ከሂሳብ ትራያንግል ይገኛል።

ልጆቹ የቆሙበት ምክንያት ቃል ስላነሳቸው አይመስለኝም። በእኛ ጽሕፈት አንድ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይዞ ስለሚነበብ፣ በአማርኛ የለመደ ልጅ ቃል ሲፈልግ የሚያዳምጠው ድምፅን ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ያው ጂ አንድ ጊዜ ግ፣ ሌላ ጊዜ ጅ ሆኖ የሚነበብበት ቋንቋ ነው። ጋርደንንና ዴንጀርን ይመልከቱ። በጆሮ ፈጽሞ አይገናኙም፤ ፊደላቸው ግን አንድ ነው፣ ኤ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤን እና አር። ስለዚህ የተገኘውን ቃል ሁሉ ፊደላቱን በኤ-ቢ-ሲ-ዲ ተራ ደርድረው ከጎኑ ይጻፉት፤ ድርድራቸው አንድ የሆነ ቃላት ከተመሳሳይ ፊደላት የተሠሩ መሆናቸው ያኔ በዓይን ይታያል። ትራያንግልና ኢንቴግራልም እንዲሁ አንድ ድርድር አላቸው። ይህን ልምምድ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲሠሩት አጥብቄ እመክራለሁ።

መልስ፦ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ የካ አባዶ

ኢክሴል ካለዎት ኢንተርኔት አያስፈልግዎትም። ቃላቱን በመጀመሪያው ዓምድ ወደ ታች ያስገቡ፤ ከጎኑ ባለው ዓምድ ደግሞ ሰርች የሚባለውን ቀመር ካውንት ውስጥ አስገብተው አራቱን ፊደላት ይስጡት። ሰርች እያንዳንዱ ፊደል በቃሉ ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ በቁጥር ይመልሳል፤ ፊደሉን ካጣው የስህተት ምልክት ያወጣል። ካውንት ቁጥሮችን ብቻ ስለሚቆጥር ውጤቱ 4 ከሆነ ቃሉ አራቱንም ይዟል ማለት ነው፤ ግራመር ለምሳሌ ኤን ስለሌለበት 3 ያወጣል።

የቃላቱን ዝርዝር በተመለከተ፣ ለጨዋታ ውድድር የተዘጋጁትን ትልልቅ ዝርዝሮች እንዲጠቀሙ አልመክርም፤ ልጆቹን ግራ የሚያጋቧቸው ቃላት የሚመጡት ከእነሱ ነው። የክበቡ አባላት የመማሪያ መጽሐፋቸውን ምዕራፎች ተከፋፍለው ቃላቱን ቢጽፉልዎት፣ ኮምፒውተሩ የሚያወጣው መልስ ሁሉ የተማሩት ይሆናል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ከአራቱ ካርዶች ሁለቱ ኢ ቢሆኑ ቀመሩ ቃሉ ሁለት ኢ እንዳለው ያጣራል?

መልስ፦ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ የካ አባዶ

አያጣራም፤ አንዱን ኢ ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል። ለዚያ ሌን በሚለው ቀመር የቃሉን ርዝመት ይለኩ፤ ከዚያም ሰብስቲትዩት በሚለው ኢን በባዶ ተክተው እንደገና ይለኩ። ቲቸር 7 ፊደል ነው፤ ኢ ሲወጣለት 5 ይቀራል፤ ልዩነቱ 2 ስለሆነ ያልፋል። ሰብስቲትዩት ትልቁንና ትንሹን ፊደል ስለሚለይ ቃላቱ በሙሉ በትንሹ ፊደል ቢጻፉ ይሻላል።

መልስ፦ ወላጅ፣ ገላን

ስለ ካርዶቹ ብዛት ልጨምር። አሜሪካዊው አርክቴክት አልፍሬድ ባትስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በኋላ ስክራብል የተባለውን ጨዋታ ሲቀርጽ ፊደላት በጋዜጣ ላይ ምን ያህል እንደሚደጋገሙ ቆጥሮ ነበር። ከእንግሊዝኛው ስክራብል 100 ጠጠሮች መካከል ኢ 12፣ ኤ እና አይ 9 9፣ ኦ 8፣ ኤን፣ አር እና ቲ ደግሞ 6 6 ሲሆኑ ጄ፣ ኬ፣ ኪው፣ ኤክስ እና ዜድ አንድ አንድ ብቻ ናቸው። ካርቶኑን በዚህ መጠን ቢቆርጡት መልስ የሌላቸው አራት ፊደላት የሚወጡበት ጊዜ ይቀንሳል። አናባቢዎቹን ለብቻ ቆልለው በየዙሩ ቢያንስ አንድ ከዚያ እንዲወጣ ቢያደርጉም ጥሩ ነው፤ ኪውን ደግሞ ከዩ ጋር በአንድ ካርድ ላይ ይጻፉት።