እናቴ የግፊት መድኃኒቷን አልወስድም አለችኝ፤ ኩላሊቷም ተጎድቷል

ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ግፊት ካለባት ስምንት ዓመት ሆናት። መድኃኒቷን ግን ራሷን ሲያማት ብቻ ነበር የምትወስደው። "ካላመመኝ ምን ያስውጠኛል?" ትላለች።

ባለፈው ወር ስትለካ 170/100 ሆነ። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው ክሬያቲኒኗ 1.8 ወጣ፤ ሽንቷ ውስጥም ፕሮቲን ተገኘ። ሐኪሙ ግፊቱ የኩላሊቷን ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደጎዳ፣ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ግፊቱን መልሶ እንደሚያባብሰው አስረዳኝ። ኢናላፕሪል የሚባል የግፊት መድኃኒት አዘዘላት። ከጀመረች ወዲህ ደረቅ ሳል ያዛት። ሌሊቱን ሙሉ ስትስል እሰማታለሁ። ትናንት አልጋዋን ሳነጥፍ አራት ኪኒን በመሐረብ ተቋጥሮ ትራሷ ስር አገኘሁ። ሆዴ ተላወሰ።

ሌላም አለ። ለጉልበቷ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ እየገዛች ትውጥ ነበር። ኩላሊት እንደሚጎዳ የሰማሁት ገና አሁን ነው። ለሐኪሙም አልነገርነውም። ጨው የቀነስኩበትን ሽሮ ደግሞ አንድ ጉርሻ ቀምሳ ትገፋዋለች።

ቀጠሮዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ልጠብቅ ወይስ አሁኑኑ ልውሰዳት? በኢናላፕሪል ሳል ይዞት ሐኪም መድኃኒት የቀየረለት ሰው አለ? ሎሳርታን የሚባለው ሌላ የግፊት መድኃኒት እንደዚያ አያስልም ይባላል፤ በራሴ ግን ለመቀየር አልደፍርም። ለጉልበቷስ ኩላሊቷን የማይነካ ምን አለ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እንዲህ እምቢ ያለች እናት ያላችሁ፣ በምን አሳመናችኋት? እባካችሁ ንገሩኝ።