የዓይን ሕመም፣ የደበዘዘ እይታና ገና ያልተረጋገጠ ኤም ኤስ

ጥያቄ

ውድ አባላት፣ ቀኝ ዓይኔን ወደ ጎን ባዞርኩ ቁጥር ከዓይን ኳሱ በስተኋላ የሚጫን ሕመም ይሰማኛል። ሕመሙ ከጀመረኝ ከጥቂት ቀናት በኋላ መሐል ለመሐል ጭጋግ ተጋረደበት፤ ቀይ ነገር በዚያ ዓይን ብቻ ሳየው ፀሐይ እንደመታው ጨርቅ ወይቦ ይታየኛል። የዓይን ሐኪሙ በመሣሪያ ካዩኝ በኋላ ውስጡ ጤናማ እንደሚመስል፣ ነገር ግን የዓይን ነርቭ መቆጣት ሊሆን እንደሚችል፣ መንስኤውም ምናልባት መልቲፕል ስክሌሮሲስ (ኤም ኤስ) የሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን የአንጎልና የአከርካሪ ነርቮች ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ እንደሆነ ነግረውኝ ኤምአርአይ ለሚባለው የአንጎል ምስል ምርመራና ለነርቭ ሐኪም ላኩኝ። ዓይኔ ጤናማ ከሆነ ለምን አላይበትም? ሐኪሙ ያነሱትን ስቴሮይድ (መቆጣትን የሚቀንስ መድኃኒት) ልውሰድ ወይስ ልታገሥ? በሙቅ ውኃ ስታጠብ እይታዬ ይብስበታል፤ ይህስ ጉዳት እያደረሰብኝ ነው? ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው።

መልስ 1 (ከኤም ኤስ ጋር የምኖር)

እግዚአብሔር ይማርዎ። በሙቀቱ ልጀምር፤ እኔንም ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ እርሱ ነበርና። ማይሊን የሚባለው ሽፋኑ የተጎዳ ነርቭ የሰውነት ሙቀት ትንሽ ከፍ ሲል መልእክት ማስተላለፍ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ከሙቅ ውኃ፣ ከስፖርት ወይም ከትኩሳት በኋላ እይታ ይደበዝዝና ሰውነት ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ይህን ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ዊልሄልም ኡትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1890 ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። አዲስ ጉዳት አያመጣም፤ ለብ ባለ ውኃ መታጠብ ይበቃዎታል። ሲቀዘቅዙ የማይመለስ ከሆነ ግን ለሐኪምዎ መንገር አለብዎት።

ሁለተኛው ነገር ርቀት መገመት ነው። ሁለቱ ዓይኖች መልእክታቸውን እኩል ፍጥነት ስለማያደርሱ ውኃ ስቀዳ ከብርጭቆው ጠርዝ ውጭ አፈስ ነበር፤ የጆግውን አፍ ከብርጭቆው ጠርዝ ጋር አስነክቼ መቅዳት ስጀምር ቀረልኝ። ደረጃ ሲወርዱ መደገፊያውን ይያዙ፤ ሐኪም እይታዎን ለክቶ እስኪፈቅድልዎ ድረስም መኪና አይንዱ። ኮምፒውተሩ ላይ ፊደሉን ያተልቁ፣ የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሱ፣ መስኮት ከፊት ለፊትዎ እንዳይሆን ወንበርዎን ያዙሩ። ማንበብ ነርቩን አይጎዳውም፤ የሚያደክመው እርስዎን ነው።

መልስ 2 (የዓይን ሕክምና ባለሙያ)

ከሦስት ታማሚዎች በሁለቱ ገደማ መቆጣቱ የሚከሰተው ከዓይን ኳስ በስተኋላ ባለው የነርቩ ክፍል ስለሆነ፣ ሐኪም በዓይን ብሌን በኩል ሲመለከት መጀመሪያ ላይ ምንም አያይም። ችግሩን የሚያጋልጠው ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው እየተፈራረቀ የሚበራው ባትሪና የቀለም ምርመራው ነው። ስለዚህ «ውስጡ ጤናማ ነው» መባሉና እርስዎ አለማየትዎ አይጋጩም።

ስለ ስቴሮይድ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ውጤቱ የታተመውና 457 ታማሚዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት እስከ ዛሬ ውሳኔያችንን ይመራል። በደም ሥር ለሦስት ቀናት የሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ያለው ሜቲልፕሬድኒሶሎን እይታ ቶሎ እንዲመለስ ያደርጋል፤ በመጨረሻ የሚገኘው እይታ ግን ካልወሰዱት ሰዎች እምብዛም አይለይም። በአነስተኛ መጠን በአፍ ብቻ የተሰጠው ፕሬድኒሶን ደግሞ ሕመሙ እንዲደጋገም ስላደረገ፣ ቤት ውስጥ የተረፈ የስቴሮይድ ክኒን ካለዎት በራስዎ አይጀምሩት። አንድ ዓይንዎ ደህና ከሆነና ሕመሙ ከቻሉት መታገሥም ተገቢ ምርጫ ነው፤ ሥራዎ የሚያጣድፍዎ ከሆነ ግን መውሰዱን አልቃወምም። አስቀድመው ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የጨጓራ ሕመም ወይም የሳንባ ነቀርሳ ታሪክ ካለዎት ይናገሩ። መድኃኒቱ እንቅልፍ ስለሚነሳ ጠዋት መወሰዱ ይሻላል።

መልስ 3 (ባለቤቴን የማስታምም)

እኔ የምጨምረው ስለ ማስታወሻ ነው። በየጠዋቱ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ አንዱን ዓይን እየሸፈኑ ያንኑ ጽሑፍ ያንብቡና የትኛው መስመር ድረስ እንደታየዎት ይጻፉ። በቀን አሥር ጊዜ ዓይንን መፈተሽ ግን ጭንቀት ብቻ ነው፤ እኛ ቤት ይህን በግልጽ መከልከል አስፈልጎ ነበር። ከዚህ ቀደም ለቀናት የቆየ መደንዘዝ፣ ድርብ ማየት ወይም የሽንት ችግር ገጥሞዎት ከሆነ ሳይንቁ ይጻፉት፤ የነርቭ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቁዎት እርሱን ነው።

ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኤምአርአዩ አንጎሌ ላይ ነጠብጣብ ካሳየ ነገሩ አለቀ ማለት ነው? ንጹሕ ከሆነስ?

መልስ 2

በሁለቱም በኩል አላለቀም። የዚያው ጥናት ተሳታፊዎች ለ15 ዓመታት ሲከታተሉ፣ መጀመሪያ አንጎላቸው ላይ ምንም ካልታየባቸው 25 በመቶው፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ነጠብጣብ ከታየባቸው ደግሞ 72 በመቶው ኤም ኤስ ይዟቸዋል። ይሁንና ጥናቱ የተጀመረው ዛሬ ያሉት የኤም ኤስ መድኃኒቶች ከመምጣታቸው በፊት ነው። ነጠብጣብ በማይግሬን ወይም በደም ግፊትም ስለሚመጣ፣ ቅርጹና ቦታው ይታያል፤ አስፈላጊ ሲሆንም የአከርካሪ ፈሳሽ ይመረመራል። ኤም ኤስን ብቻውን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም፤ ነገር ግን አኳፖሪን-4 እና ሞግ የሚባሉት የፀረ እንግዳ አካል ምርመራዎች ተመሳሳይ ምልክት ያላቸውን፣ ሕክምናቸው ግን የተለየ በሽታዎች ስለሚለዩ ያስፈልጉዎት እንደሆነ ይጠይቁ።

ሁለተኛው ዓይንም ከደበዘዘ፣ እይታው ጨርሶ ከጠፋ፣ ዓይኑ ቀልቶ ከራስ ምታትና ከማስመለስ ጋር ካመመዎት፣ ወይም እግርዎ ከደከመ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከሁለት ሳምንት በኋላም እይታዎ እየባሰ ከሄደ ሐኪሙ ቀጠሮውን እንዲያቀርቡልዎ ይደውሉ።